ከበቆሎ ማሳ እስከ ሳተላይት፦ የቨርነር ሱዎሚ ሕይወት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በጥርባና በዙሪያዋ ያለ አርሶ አደር የሚመጣውን ደመና የሚመዝነው ከታች ወደ ላይ አይቶ ነው። የደመናው ሆድ ጠቁሯል ወይስ ገና ነጭ ነው? ነፋሱ ከየት በኩል ተነሣ? ብርዱስ ድንገት መጣ ወይስ ቀስ እያለ? ይህ ከአባት ከእናት የተወረሰ እውቀት ብዙ ጊዜ አይስትም። ችግሩ ጊዜ አለመስጠቱ ነው። የደመናው ሆድ ጠቁሮ ነጎድጓዱ መሰማት ሲጀምር በረዶው ከማዶው ጋራ ደርሷል። ያበበ ድንች ወይም እሸት የያዘ ገብስ በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ላይ ይተኛል፤ ከብት ጠባቂው ልጅም ሜዳ ላይ እንዳለ መብረቁ ይቀድመዋል።

ያንኑ ደመና ከታች ሳይሆን ከላይ፣ በቀን ብቻ ሳይሆን በሌሊትም ማየት እንዲቻል መንገድ ከጠረጉት ሰዎች ቀዳሚው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቨርነር ሱዎሚ ናቸው። በዓለም ዙሪያ የሳተላይት ሜትሮሎጂ አባት ተብለው ይጠራሉ። ስማቸው የሚነሣው ከጠፈር ጋር ቢሆንም የሥራቸው መነሻ ግን የእርሻ ማሳ ነበር።

ሱዎሚ እ.አ.አ ዲሴምበር 6 ቀን 1915 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኤቭሌዝ በተባለች የብረት ማዕድን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከፊንላንድ የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። የቤተሰቡ መጠሪያም በፊንላንድ ቋንቋ የአገሪቱ ስም ነው። አካባቢው ክረምቱ የጠና፣ ኑሮውም የሠራተኛ ኑሮ ነበር። ልጁ ገና በጠዋቱ የሳይንቲስት ሕይወት አልጠበቀውም። በዊኖና መምህራን ኮሌጅ ተምረው እ.አ.አ በ1938 ከተመረቁ በኋላ በሚኒሶታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳይንስ ማስተማር ጀመሩ።

የሕይወታቸው አቅጣጫ የተቀየረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን ነው። ለአብራሪዎች የሚሰጥ ትምህርት ሲከታተሉ ከትምህርቱ አንዱ ክፍል የአየር ሁኔታ ነበርና እሱ ልባቸውን ወሰደው። የመምህርነቱን ሥራ ትተው ስዊድናዊው ታላቅ የአየር ሁኔታ ሊቅ ካርል ጉስታፍ ሮስቢ ወደሚመሩት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሜትሮሎጂ ክፍል ገቡ። ጦርነቱ ለአውሮፕላኖች ትንበያ የሚሰጡ ብዙ ባለሙያዎች ይፈልግ ስለነበር ሱዎሚ ተማሪም አስተማሪም ሆነው ቆዩ። እ.አ.አ በ1948 ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ከሪድ ብራይሰን ጋር አዲሱን የሜትሮሎጂ ትምህርት ክፍል ካቆሙት ምሁራን አንዱ ሆኑ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የሠሩት በአብዛኛው በማዲሰን ከተማ ነው።

ዊስኮንሲን የወተትና የበቆሎ አገር ናት። ሱዎሚም ለዶክትሬት ዲግሪያቸው የመረጡት ጉዳይ ለዚህ አምድ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ አንድ የበቆሎ ማሳ በቀን ስንት ሙቀት ተቀብሎ ስንቱን ይመልሳል የሚለውን ጥያቄ ነው የያዙት። ፀሐይ ማሳው ላይ የምታፈሰው ጉልበት በአራት ይከፈላል። ከፊሉ ወደ ሰማይ ተንፀባርቆ ይመለሳል፣ ከፊሉ አፈሩን ያሞቃል፣ ከፊሉ በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል፣ የቀረው ደግሞ ውኃን ከአፈርና ከቅጠል ወደ ተን ይለውጣል። ማሳው ራሱም ሌት ተቀን በዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ወደ ላይ ይልካል። ሱዎሚ እያንዳንዱን ድርሻ የሚለካ መሣሪያ እየሠሩ ገቢና ወጪውን እንደ ቤት ወጪ ደብተር አወራረዱ። ትምህርታቸውንም እ.አ.አ በ1953 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አጠናቀቁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከአፈር ሳይንቲስቱ ቻምፕ ታነር ጋር በዚሁ የሙቀት ሒሳብ ከሰብል ላይ በትነት የሚወጣን ውኃ እንዴት መገመት እንደሚቻል የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። ዛሬ አንድ የመስኖ ባለሙያ ሰብሉ ምን ያህል ውኃ እንደሚፈልግ ሲያሰላ የሚከተለው መንገድ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው።

የአንድ ማሳ የሙቀት ደብተር ከተያዘ የምድር ሁሉ ለምን አይያዝም? ሱዎሚን ወደ ጠፈር የወሰዳቸው ይህ ጥያቄ ነው። ምድርም እንደ ማሳው ከፀሐይ ትቀበላለች፣ በታሕተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ በሚባለው የሙቀት ጨረር መልሳ ትሰጣለች። ይህን ለመለካት ግን ከምድር ውጭ መቆም ያስፈልጋል። ሱዎሚና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ባልደረባቸው ሮበርት ፓረንት የሠሩት መሣሪያ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጥቁር ቀለም የተቀባ አካል ፀሐይንም የምድርን ሙቀትም ይውጣል። ነጭ የተቀባው ግን የፀሐይን ብርሃን መልሶ የምድርን የሙቀት ጨረር ብቻ ይቀበላል። የሁለቱ የሙቀት ልዩነት ሲሰላ ገቢው ከወጪው ይለያል። ጥቁር ልብስ ለብሶ በቀትር የሄደ ሰው የሒሳቡን ግማሽ ያውቀዋል።

መሣሪያውን ወደ ሰማይ ማድረስ ከመሥራቱ በላይ ፈተና ሆነ። እ.አ.አ በ1959 ሰኔ ወር የተተኮሰው ቫንጋርድ ሮኬት ከሽፎ የወራት ልፋት ባሕር ገባ። ሱዎሚና ፓረንት ሥራቸውን አላቆሙም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 13 ቀን ኤክስፕሎረር 7 የተባለችው ሳተላይት መሣሪያቸውን ይዛ በሰላም ወጣች። ከእርሷ የተላከው መረጃ ደመና በምድር የሙቀት ሒሳብ ውስጥ ምን ያህል ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳየ። ከዓመታት በኋላ ሱዎሚና ተማሪያቸው ቶማስ ቮንደር ሃር የበርካታ ሳተላይቶችን ልኬት አንድ ላይ አድርገው ምድር ከፀሐይ ብርሃን መልሳ የምታንፀባርቀው 30 በመቶ ያህሉን መሆኑን፣ ማለትም ቀድሞ ከተገመተው ያነሰ መሆኑን አረጋገጡ።

ለነጎድጓድና ለበረዶ ትንበያ ትልቁን በር የከፈተው ግን ቀጥሎ የመጣው ሐሳባቸው ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ዝቅ ብለው ምድርን የሚዞሩ ስለነበሩ አንድን ቦታ አይተው ያልፋሉ፤ ሲመለሱ ደመናው ሌላ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ነጎድጓዳማ ደመና ደግሞ ተወልዶ፣ አድጎ፣ በረዶውን ጥሎ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ በሚነሣ ፎቶ እሱን መያዝ አይቻልም። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ ሳተላይት ግን ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ የቆመ ይመስላል። ከዚያ ሆኖ መመልከት ለሱዎሚ ደመናውን ከልደቱ እስከ ሞቱ መከታተል ማለት ነበር።

እንቅፋቱ የሳተላይቱ መሽከርከር ነበር። የዘመኑ ሳተላይት እንዳይንገዳገድ ልክ እንደ እንዝርት በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል በራሱ ዙሪያ ይሾር ነበር። በሚሾር ነገር ላይ የተቀመጠ ካሜራ ጥርት ያለ ፎቶ ማንሣት እንደማይችል ሁሉም ያውቃል። ሱዎሚ ይህን ችግር ገልብጠው መፍትሔ አደረጉት። ሳተላይቱ አንድ ጊዜ ሲሾር ካሜራው ከምድር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ያነብባል። በሚቀጥለው ዙር ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀጣዩን መስመር ያነብባል። እርሻ በትልም በትልም እንደሚታረስ ሁሉ በ20 ደቂቃ ገደማ የምድር ፊት ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ታርሶ ያልቃል። ይህ ካሜራ ኤቲኤስ 1 በተባለችው ሳተላይት ላይ ተጭኖ በዲሴምበር 1966 መጀመሪያ ተተኮሰ። ሱዎሚ 51ኛ ዓመታቸውን የደፈኑበት ሳምንት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኤቲኤስ 3 ባለ ቀለም ምስል መላክ ጀመረች። የሰው ልጅ ደመናዎች ሲወለዱ፣ ሲጋጩና ሲበተኑ እንደ ፊልም አከታትሎ ያየው ያኔ ነው። በአውሎ ነፋስ ጥናታቸው የሚታወቁት ጃፓን ተወላጁ ቴትሱያ ፉጂታን የመሳሰሉ ተመራማሪዎችም ወዲያውኑ ምስሎቹን ለከባድ ወጀብ ጥናት አዋሉት።

እነዚህ የመጀመሪያ ካሜራዎች የሚያዩት ግን በፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው። ሲመሽ ይታወራሉ። በዚያው በሱዎሚ የመሾር ዘዴ የተሠራው ቀጣዩ መሣሪያ ከሚታየው ብርሃን ጋር ኢንፍራሬድን ጨምሮ እ.አ.አ ከሜይ 1974 ጀምሮ ሌሊትም ማየት ቻለ። የበቆሎ ማሳው ትምህርት ተመልሶ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የሞቀ ነገር ብዙ የሙቀት ጨረር ይልካል፣ የቀዘቀዘ ትንሽ ይልካል። ስለዚህ ሳተላይቱ ከጨረሩ መጠን ተነሥቶ ከበላዩ የሚያየው ነገር ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ያሰላል።

ይህ ለአንድ የጥርባ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቀላል። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየአንድ ኪሎ ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሳተላይቱ የሚያነበው የመሬቱን ሙቀት፣ 20 እና ከዚያ በላይ ዲግሪ ነው። ከቀትር በኋላ ከባሕር ወለል አምስት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የደረሰ ደመና ሲበቅል ንባቡ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ደመናው እያደገ አሥር ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከዜሮ በታች 30 እና 40 ይሆናል። እውነተኛው ነጎድጓዳማ ደመና 15 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ ንባቡ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪን ይነካል። የደመናው ሆድ ከታች ሲታይ ገና ግራጫ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ግን ከላይ ለሚያይ ምስጢሩን አውጥቷል።

ትንበያ ሰጪው የሚመለከተው ቅዝቃዜውን ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱንም ነው። በሁለት ተከታታይ ምስሎች መካከል የደመናው ጫፍ በብዙ ዲግሪ ከቀዘቀዘ በውስጡ በኃይል ወደ ላይ የሚነጉድ አየር አለ ማለት ነው። በረዶ የሚሠራውም ይኸው አየር ነው። ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ያልረጋን የውኃ ጠብታ ተሸክሞ እያንገዋለለ በበረዶው ፍሬ ላይ ድርብርብ ያደርግበታል፤ ፍሬው ከብዶ አየሩ መሸከም ሲያቅተው ይወድቃል። አየሩ እጅግ ከበረታ ደግሞ የደመናውን ጣሪያ ጥሶ ጉልላት የመሰለ ቀዝቃዛ እብጠት ያበቅላል። በአሜሪካ እ.አ.አ በ1983 የታተመ አንድ ጥናት የደመናው ጣሪያ ቅዝቃዜ ቪ የተባለውን የላቲን ፊደል ቅርጽ ሲይዝ በብዙዎቹ ላይ ከባድ ወጀብ እንደተከተለ፣ ምልክቱም አደጋው ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። ቁጥሩ ለአሜሪካ ሜዳ የወጣ ስለሆነ የአዊ ጋራ ላይ እንዳለ መጫን አይገባም። ግማሽ ሰዓት ግን ከብት ወደ በረት ለማስገባት፣ የታጨደ ነዶ ለመከመርና ልጆችን ከወንዝ ዳር ለመጥራት ይበቃል።

የደጋው አርሶ አደር በበረዶ ለምን አብዝቶ እንደሚጎዳም ከዚሁ ሒሳብ ይገኛል። በእኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ከባሕር ወለል አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ የበረዶ ፍሬ ከዚያ ተነሥቶ ረጅም መንገድ በሞቃት አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ብዙው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ማሳ ላይ ግን መንገዱ በግማሽ ያጥራል፤ ፍሬው ሳይቀልጥ ይደርሳል።

ሱዎሚ በምስል ብቻ አልረኩም። ደመና ከመወለዱ በፊት አየሩ ለወጀብ መዘጋጀቱን ማወቅ ይፈልጉ ነበር። የተለያዩ የኢንፍራሬድ ጨረሮች ከተለያየ ከፍታ ስለሚመጡ እነሱን ለይቶ በማንበብ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት ከታች እስከ ላይ ደረጃ በደረጃ መገመት ይቻላል። ከታች ሞቃትና እርጥብ፣ ከላይ ቀዝቃዛ አየር ካለ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም እሳትና ጭድ ተቀራርበዋል። ይህን የሚለካ መሣሪያ በቆመ ሳተላይት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.አ.አ በ1980 ሲሆን ከሐሳቡ ጀርባ ሱዎሚ ነበሩ። የሚጎርፈውን ምስል በኮምፒውተር አደራጅቶ ከሌላ መረጃ ጋር የሚያሳይ ሥርዓትም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዘርግተዋል። ይህ ሁሉ የተሠራው እ.አ.አ በ1965 በዊስኮንሲን ባቋቋሙት የጠፈር ሳይንስና ምህንድስና ማዕከል ነው። በመካከሉ ለአንድ ዓመት የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ቢሮ ዋና ሳይንቲስት ሆነው አገልግለዋል፤ ወደ ቬነስ በተላከ መንኮራኩር ላይም መሣሪያ አሳርፈዋል። እ.አ.አ በ1977 የአገሪቱን ከፍተኛ የሳይንስ ሜዳሊያ ከፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እጅ ተቀበሉ።

አፍሪካን የምታይ የመጀመሪያዋ የቆመች የአውሮፓ ሳተላይት ሜትዮሳት 1 የተተኮሰችው በዚያው በ1977 ኖቬምበር ነው። እርሷም፣ ተከታዮቿም እየሾሩ የሚያነብቡ ነበሩ። እ.አ.አ ከ2002 ጀምሮ የተተኮሱት የሁለተኛው ትውልድ ሜትዮሳቶች በየ15 ደቂቃው በ12 የተለያዩ የጨረር ዓይነቶች ያያሉ። ከእነዚህ አንዷ ሜትዮሳት 9 እ.አ.አ ከ2022 ጀምሮ በ45 ዲግሪ ተኩል ምሥራቅ፣ ለኢትዮጵያ በጣም በቀረበ አቅጣጫ ላይ ቆማለች። በየአገሩ ያሉ የአፍሪካ ሜትሮሎጂ ተቋማትም ምስሉን በቀጥታ የሚቀበሉበት ጣቢያ ተተክሎላቸዋል። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያ የአዊን ደመና ጣሪያ የሚያየው በዚህ መንገድ ነው።

ኢንፍራሬዱ ለነጎድጓድ ብቻ አልዋለም። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀዘቀዘ ደመና በአንድ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ በመቁጠር የዝናብ መለኪያ በሌለበት የአፍሪካ ገጠር የዘነበውን መጠን ይገምታሉ። እ.አ.አ በ2009 በትግራይ አዲ ሃ ላይ በ200 አርሶ አደሮች የተጀመረው የድርቅ የሰብል መድን ካሳውን ለመወሰን የተመለከተውም በሳተላይት የተገመተ ዝናብን ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ደግሞ ብርቱካን አምራቾች የሌሊት ውርጭ ወዴት እየተስፋፋ እንደሆነ በኢንፍራሬድ ምስል ሲከታተሉ ኖረዋል። ውርጭ ለሚያውቀው የአዊ ደጋ ይህኛው አጠቃቀም ከሁሉም በላይ ሳይቀርብ አይቀርም።

የወረዳ ባለሙያ ግን ምስሉ የማይነግረውንም ማወቅ አለበት። የሜትዮሳት 9 አንዱ የኢንፍራሬድ ነጥብ ሦስት በሦስት ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 900 ሔክታር ይሸፍናል። በረዶ አንዱን ጎጥ አጥፍቶ ጎረቤቱን እንደሚተው የሚያውቅ አርሶ አደር ይህ ሰፊ መሆኑን ይረዳል። ሳተላይቱ የሚያየው የደመናውን ጣሪያ እንጂ የበረዶውን ፍሬ አይደለም። ዝናቡን ጥሎ የጨረሰ ስስ ከፍተኛ ደመናም እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚታይ በጥቅምት አዝመራ ሰዓት ከንቱ ድንጋጤ ሊፈጥር ይችላል። በተቃራኒው ተራራ ገፍቶት የወጣ ዝቅተኛ ደመና ጣሪያው ሳይቀዘቅዝ ብዙ ዝናብ ይጥላል፤ በኢትዮጵያ ምዕራብ ደጋ ኢንፍራሬድ ዝናቡን አሳንሶ የሚገምተው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በየጣቢያው የዝናብ መለኪያ አንብቦ የሚመዘግበው ሰው ሥራ በሳተላይት አልተተካም። ሱዎሚም ቢሆኑ ከበቆሎው ማሳ ጀምሮ መሬት ላይ የተለካን ነገር የናቁበት ጊዜ የለም።

ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ጉዞ ነው። ምስሉ በ15 ደቂቃ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ እንጅባራ፣ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከእሱም ወደ ማሳው ለመድረስ ግማሽ ቀን ከፈጀ በደመናው ጣሪያ ላይ የተገኘው ግማሽ ሰዓት በመንገድ ይበላል። በየእርከኑ ያለ ኃላፊ ማስጠንቀቂያውን በደብዳቤ ይጠብቃል ወይስ በስልክ ተቀብሎ ወዲያው ያስተላልፋል የሚለው፣ የሳተላይቱን ያህል ውጤቱን ይወስናል። መልእክቱ ሳይደርስ የቀረበት ሰውም ቢሆን ነጎድጓድ ከሰማ ከብቱን ከዛፍ ሥር አርቆ ራሱም ቤት መግባት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል።

ሱዎሚ እ.አ.አ ጁላይ 30 ቀን 1995 በማዲሰን በ79 ዓመታቸው አረፉ። በኦክቶበር 2011 የተተኮሰችው የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ከወራት በኋላ በስማቸው ሱዎሚ ተብላ ተሰየመች። እርሷ ከቆሙት ሳተላይቶች በተለየ 800 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ በምድር ዋልታዎች በኩል ትዞራለች። ኢንፍራሬድ መሣሪያዋን ይዛ በአዊ ሰማይ ላይ የምታልፈው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደመናው መብቀል በሚጀምርበት ሰዓት ነው፤ ማታ ደግሞ ሁሉም በተኛበት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ ትመለሳለች።